ምስጋናችን በር አይዝጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤

በአገራችን ሰው ስለ ደኅንነቱ ሲጠየቅ መልሱ ምስጋና ነው። «እንደምን ሰነበታችሁ?» ሲባል የደላውም የከፋውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የታመመ ከአልጋው ሳይነሣ፣ ሐዘንተኛም እንባው ሳይደርቅ ይህንኑ ይመልሳል። ይህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም ዛሬ ራሳችንን የምንጠይቀው ነገር አለ። ይህ የምስጋና ቃል በእኛ ዘንድ የፍቅር መግቢያ ነው? ወይስ የወንድማችንን ችግር ላለመስማት የምንዘጋው በር?

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን አንዲት የመዝሙር ክፍል እኅታችን በተከታታይ ስድስት እሑድ ቀረች። በመጀመሪያ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልን። ቀጥሎ «ቀዝቅዛለች» አልን። በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ከሚጸለይላቸው ሰዎች ጋር ጽፈን ጸለይንላት። አንድ ወንድማችን በመንገድ አግኝቷት «እንዴት ነሽ?» ቢላት «ተመስገን» አለችው። እርሱም «ደኅና ናት» ብሎ ነገረን፤ ልባችንም አረፈ።

በሰባተኛው ሳምንት ሦስት ሆነን ወደ ቤቷ ሄድን። አባቷ የቀን ሥራ ካጡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። እናቷ ታመው ተኝተዋል። እርሷ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ ታስረክባለች፤ ቀን ደግሞ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። እናቲቱ ከመኝታቸው ቀና ብለው በመጀመሪያ የጠየቁን የእኛን ወላጆች ጤንነት ነበር። ስንወጣ እኅታችን እስከ በር ሸኘችንና እንዲህ አለችን፦ «የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እዚህ ድረስ ይሰማል። በየእሑዱ ደወሉን ስሰማ፣ ዛሬስ አንድ ሰው ይመጣ ይሆናል እል ነበር።»

አፍረን ተመለስን። ጸሎታችን ሐሰት አልነበረም፤ እግር ግን አልነበረውም።

ወገኖቻችን፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ በመቄዶንያ በምትገኘው በፊልጵስዩስ ከተማ በበትር ተደብድበው በውስጠኛው ወህኒ ተጣሉ፤ እግራቸውም በግንድ ተጠረቀ። በመንፈቀ ሌሊት ግን ይጸልዩና በዜማ እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር። መንፈቀ ሌሊት ቤተ ክርስቲያናችን ካስተማረችን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ መሆኑን እናውቃለን። የምድር መናወጥ ሆነ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ የሁሉም እስራት ተፈታ።

ብዙ ጊዜ ይህን ስንተርክ በበሮቹ መከፈት ላይ እናቆማለን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እንመልከት። ጳውሎስና ሲላስ አልሸሹም። የወህኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጳውሎስ ጮኾ ራሱን እንዳይጎዳ ከለከለው። ቍስሉ ገና ያልታጠበለት ሰው ያሰበው ስለ አሳሪው ነፍስ ነበር! የሌሊቱ ምስጋና ያፈራው ፍሬ ይህ ነው። ከዚያም ያ ጠባቂ በዚያችው ሌሊት ቍስላቸውን አጠበላቸው፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ተጠመቀ፤ ማዕድም አቀረበላቸው።

ደግሞም ማመስገን ማለት ክፉውን ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም። በነጋው ሹማምንቱ በስውር ሊያስወጧቸው ሲፈልጉ ጳውሎስ ያለ ፍርድ መደብደባቸው በደል መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ የተቸገረውን ሰው «ዝም ብለህ አመስግን» ብለን የምናሰናብት ከሆነ ከጳውሎስ አልተማርንም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ለተራቆተና ለተራበ ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ መሸኘት ምንም እንደማይጠቅም ያስተምረናል። ምስጋና ለራሳችን አፍ ነው፤ ለወንድማችን የሚገባው እጃችን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በኋላ ዘመን በእስር ሳለ ለፊልጵስዩስ ምእመናን መልእክት ጻፈ። መልእክቱ በደስታና በምስጋና የተሞላ ነው። ምእመናኑ ስለ እርሱ መጸለይ ብቻ አልበቃቸውም፤ አፍሮዲጡ የተባለውን ወንድም ስጦታ አስይዘው ላኩለት። አፍሮዲጡም በዚህ አገልግሎት ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። እንግዲህ የእስረኛው ምስጋና ከባዶ አልመጣም፤ መንገድ አቋርጦ የመጣ ሰው ነበረ። የፊልጵስዩስ ሰዎች ጸሎት እግር ነበረው።

ዛሬ ዘመኑ ከባድ ነው። የኑሮ ውድነት በየቤቱ ገብቷል፤ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብዙዎቻችን የትንሣኤን በዓል ከቤተ ክርስቲያን ርቀን በየቤታችን አሳልፈናል። ያን ጊዜ ብቻውን የቀረ ሰው ምን እንደሚሰማው ቀምሰን ነበር። ታዲያ እንዴት ቶሎ ረሳነው?

ስለዚህ በመካከላችን ይህን ተስማምተናል። የአንድን ሰው ስም ለጸሎት ስንጽፍ፣ በዚያው ሳምንት ማን እንደሚጠይቀው አብረን እንጽፋለን። ሁለት እሑድ የቀረ ሰው ካለ ሁለታችን እንሄዳለን። «ተመስገን» ሲለን አብረን እናመሰግናለን፤ ግን ወዲያው አንነሣም፤ ቁጭ ብለን ሁለተኛ እንጠይቃለን። የምንሰጠው ገንዘብ ባይኖረን ውኃ መቅዳት፣ ልጅ መያዝ፣ በሽተኛን ጤና ጣቢያ ማድረስ አያቅተንም።

የእኅታችን ቤት ችግር ገና አልተፈታም። አባቷ አንዳንድ ቀን ሥራ ያገኛሉ፤ አንዳንድ ቀን ያጣሉ። እኛ ግን ተራ ገብተን ታናናሾቿን እንጠብቃለን፤ እርሷም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ትዘምራለች። ባለፈው ጊዜ እናቷን «እንደምን አደሩ?» ብንላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉን። ቃሉ የድሮው ነው፤ እኛ ግን በዚያን ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን ሰማነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ሳምንት ደወሉን እየሰማ ሰው የሚጠብቅ ማን ነው? ስሙን አስበን እንነሣ። እግዚአብሔር ጸሎታችንን እግር፣ ምስጋናችንን እጅ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።