ቡናው ሐላል ነው፤ ወሬውስ?



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ስልካችን ነው። ግን ከቡና እንጀምር። ዋጫ፣ ቦንጋ፣ ሽሽንዳ ሆናችሁ የምታነቡን ደግሞ የጫካችሁ ፍሬ ታሪክ ነውና በደንብ ተከታተሉን።

ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ሲሻገር፣ የመን ላይ ቀድመው የወደዱት ሱፊዮች ነበሩ። እንቅልፍን አባርረው ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። ከየመን መካ ገባ። መካ ላይ ግን ነገሩ ከዚክር ሐልቃ ወጥቶ ወደ መንደሩ ወረደ። ሰዎች ቡና በሚሸጥበት ቦታ እየተሰበሰቡ መጫወትና ወሬ መለዋወጥ ጀመሩ።

በ917 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1511 ማለት ነው፣ የመካ ሹም የነበረው ኻኢር ቤግ አንድ ሌሊት በመስጂዱ አቅራቢያ ተሰብስበው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን አየ። አልወደደውም። ዑለማዎችን ጠርቶ ጉባኤ አደረገ፤ ሁለት ሐኪሞችም ቀርበው ቡና ለጤና ጎጂ ነው ብለው መሰከሩ። ቡና ታገደ፤ የተገኘውም በአደባባይ ተቃጠለ።

ጉዳዩ ካይሮ ወዳለው ሱልጣን ሲደርስ ግን መልሱ ሌላ ሆኖ መጣ። ሱልጣኑ በቡና ሰበብ የሚደረገውን ያልተገባ ስብስብ ከለከለ፤ ቡናውን ራሱን ግን እርም አላደረገም። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። ዛሬ ግን ከመካ እስከ ጃካርታ ቡና የማይጠጣበት የሙስሊም አገር የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። ዕቃው አንድ ነገር ነው፤ በዕቃው ዙሪያ የምንሠራው ሌላ ነገር ነው። ኻኢር ቤግ ሁለቱን ቀላቀላቸው። ቡናውን ማቃጠል ቻለ፤ ወሬውን ግን ማቃጠል አልቻለም።

የዘመናችን ቡና ቤት ስልካችን ነው። ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ፣ ፌስቡኩ የሚሰበስበን ቦታ ነው። የእኛም አገር ሹማምንት አንዳንዴ እንደ ኻኢር ቤግ አድርገዋል። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ፤ ብዙ ወጣት በቪፒኤን ሲገባ ከረመ።

ኢንተርኔቱ ሲዘጋ የሚጎዳው ጥላቻ የሚሰብከው ሰው ብቻ አይደለም። የቡና ዋጋ በስልኩ የሚጠይቅ ነጋዴ አለ። ትምህርቱን በቴሌግራም የሚከታተል ተማሪ አለ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ከሄደች ልጇ ጋር በኢሞ ብቻ የምትገናኝ እናት አለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ስትከርም ወንጀሏ ምንድን ነው? ጥፋተኛውን ለይቶ መጠየቅ ፍትሕ ነው። ለአንድ ጀማዓ ጥፋት የአገሩን ቡና ሁሉ ማቃጠል ግን ፍትሕ አይደለም። ይህን በጨዋ አንደበት መናገር የዜግነት መብታችን ነው፤ በበዳይ ፊት ሐቅን መናገርም በዲናችን ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ፊታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። የሹሙን ጥፋት መቁጠር ቀላል ነው። ከባዱ የራስን አውራ ጣት መመርመር ነው።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 መግቢያ ላይ ስማቸውንና ፎቷቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተለጠፉ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ እንዳመለከተና ሰሚ እንዳጣ ይናገራል። ታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በ2017ም የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ኩባንያው በዱንያ ፍርድ ቤት ይጠየቅ። ግን ያንን ጽሑፍ ሼር ያደረገው ሁሉ፣ ከሥሩ «ይገባዋል» ብሎ የጻፈው ሁሉ፣ ለማየት ብቻ ብሎ ለጓደኛው የላከው ሁሉ በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚቆመው? ስማቸውን ማንም አያውቅም። አላህ ግን ያውቃቸዋል።

ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። መዲና ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ወሬ አንድ ወር ሙሉ ከተማውን አምሶ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከዘመቻ መልስ የጠፋባትን የአንገት ጌጥ ስትፈልግ ጓዙ ትቷት ሄደ። ከኋላ ይመጣ የነበረው ሰፍዋን (ረ.ዐ) ግመሉ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ በእግሩ እየመራ አደረሳት። የሙናፊቆች አለቃ ይህን ይዞ ወሬ ነዛ። እሷ ታማ ተኝታ ነበርና ስለ ወሬው የሰማችው ዘግይታ ነው። በመጨረሻ ንጽሕናዋን ቁርአን ከሰማይ ወርዶ መሰከረ።

በሱረቱ-ን-ኑር (24፥15) አላህ ያን ወሬ ሰዎቹ በምላሳቸው እንደተቀባበሉት፣ ቀላል እንደመሰላቸው፣ በእርሱ ዘንድ ግን ከባድ እንደነበር ይነግረናል። አስተውሉ! ወሬ የሚቀበለው ጆሮ ነው፤ አያው ግን ምላስን ጠቀሰ። ወሬው ጆሮ ጋ ቆይቶ፣ ልብ ጋ ደርሶ ሳይመዘን ከምላስ ወደ ምላስ ተላለፈ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ከአውራ ጣት ወደ አውራ ጣት ያልፋል። ርዕሱን እንጂ ውስጡን ሳናነብ ስንት ነገር ልከናል?

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሁለት እህትማማቾች ነገር ነው። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ነበረች፤ ለዓኢሻም ከባልተቤቶቻቸው ሁሉ ተፎካካሪዋ እሷ ነበረች። የዓኢሻ ስም ቢጠፋ በዱንያ ዓይን ተጠቃሚ የምትመስለው እሷ ናት። ስለ ወሬው ስትጠየቅ ግን ዓይኗንና ጆሮዋን ጠበቀች፤ ከመልካም በቀር የማውቅባት የለም አለች። እህቷ ሐምና ግን ወሬውን አዛመተች። ለምን? ለእህቷ ወግና! ጠላት ሆና አይደለም፤ ለወገኗ ተቆርቁራ ነው።

የእኛም በሽታ ይኸው ነው። «ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ግን እነሱን ያሳፍራል» ብለን የምንልከው ፖስት የሐምና መንገድ ነው። የሚጠቅመንን ነገር እንኳ እውነት መሆኑን ካላወቅን የምንተወው ከሆነ የዘይነብን መንገድ ይዘናል።

እዚህ ላይ የሚያም ነገር እናንሳ። በ2014 ረመዳን፣ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ጎንደር ላይ ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ጥቃት ደረሰባቸው፤ ብዙዎች ሞቱ። የሁላችንም ልብ ደማ። አላህ ይዘንላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤው ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አደረገ? ሱረቱል ማኢዳ (5፥8) የሕዝቦች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል። የተበደለ ሰው መጮህ መብቱ ነው። ጩኸቱን በሌላ ንጹሕ ሰው ላይ በደል አድርጎ ማውረድ ግን ሐቁን ራሱ ያበላሽበታል።

ካፋ ውስጥ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። ዋጫ ላይ ጎረቤትህ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ነው፤ ጀበናው ሲጣድ ትጠራራላችሁ፤ ሲያገባ ትሄዳለህ፤ ሲሞትብህ ይመጣል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ የጥላቻ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ይህ ጉርብትና ቢፈርስ ምንም አይጎድልበትም። እሱ እይታውን ይቆጥራል። የሚጎድልብህ አንተ ነህ። ስለዚህ ያንን ቪዲዮ ወደ ዋጫ ግሩፕ ከማስገባትህ በፊት ነገ ጠዋት ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጣ አስብ።

ታዲያ ዝም እንበል? በፍጹም! በ2004 የተጀመረውን የ«ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። በዋና ሚዲያ መናገሪያ ያጣ ሕዝብ በፌስቡክ ገጽ ይመካከር ነበር። ነጭና ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርጎ ሐቁን ጠየቀ። የኮሚቴው አባላት ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ እነሱም በኋላ ተፈቱ። መልእክቱ ደጋግሞ ያሳስብ የነበረው ሰላማዊነትን ነው። የበይነ መረብ ነፃነት በእንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ሲያዝ ለሕዝብ ጋሻ ይሆናል።

ሕጉንም እንወቅ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰት የሚያሰራጭን ሰው ቅጣት ያከብዳል። አንዳንድ የመብት ተሟጋቾች ቃላቱ ሰፊ ስለሆኑ ትችትን ለማፈን እንዳይውሉ ይሰጋሉ፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። ለሙእሚን ግን ሒሳቡ ከ5,000 አይጀምርም። አሥር ሰው ያለበት የቤተሰብ ግሩፕም አላህ ዘንድ ይጻፋል። በሱረቱል ኢስራእ (17፥36) ጆሮም፣ ዓይንም፣ ልብም እንደሚጠየቁ ተነግሮናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለማሰኘት እንደሚበቃ አስተምረውናል። ልብ በሉ፤ ያ ሰው ወሬውን አልፈጠረውም፤ ያስተላለፈው ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጁሙዓ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ አንድ ሥራ እንያዝ። የሚያስቆጣ ነገር ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ወዲያው አትላኩት። ሱረቱል ሑጁራት (49፥6) የታዘዝነውን ተበዩን፣ ማጣራትን፣ እንተግብር። ማን ለጠፈው? መቼና የት የተቀረጸ ነው? ዘንድሮ ድምፅም ምስልም በኮምፒዩተር ይሠራልና «በዓይኔ አየሁት» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቦታው ላይ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉለት። ካላገኛችሁ ተዉት፤ ያልላካችሁት ፖስት አኺራ ላይ አያስጠይቃችሁም። የሰው ገመና የያዘ ስክሪን ሾትማ እውነት ቢሆንም ሐሜት ነው፤ አጥፉት። ቀድሞ የላካችሁት ሐሰት መሆኑ ከተገለጠላችሁ ደግሞ በዚያው ግሩፕ «ትክክል አልነበረም» ብላችሁ ጻፉ። ተውባው በላካችሁበት ቦታ ይሁን።

ሹሙ ኢንተርኔቱን ሲዘጋ የሚያቀርበው ምክንያት የእኛን ውሸት ነው። ምክንያቱን አንስጠው። እኛ ምላሳችንን ስንገራ «ቡናውን አታቃጥል» የማለት ድምፃችን ይበረታል።

ያ አላህ! ምላሳችንንና ጣቶቻችንን ከውሸት፣ ከሐሜትና ከበደል ጠብቅልን። የታፈኑትን ድምፅ አሰማልን። በወሬ ምክንያት ለተገደሉት ቤተሰቦች ሰብርን ስጣቸው። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ!