ከቦምቡ በኋላ የሚሳቅ ሳቅ

በኢትዮጵያ ባለው የባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ካሉት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ናቸው። መጠለያው የተከፈተው በ2012 ነው።

ያንኑ ጦርነት ሱዳናዊው ሐጁጅ ኩካ «የአንቶኖቭ ምት» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ቀርጾታል። አንቶኖቭ የተባለው አውሮፕላን ቦምቡን ጥሎ ያልፋል፤ ሰዎች ከተደበቁበት ጉድጓድ ወጥተው ይስቃሉ። የክራር ዘመድ የሆነው ራባባ ይመታል፣ ይጨፈራል። ፊልሙ በ2014 በቶሮንቶ ፌስቲቫል በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

ታዲያ ሞት ባንዣበበበት ቦታ ሳቅን መቅረጽ ሐዘንን ማቃለል አይሆንም?

ለቅሶ የደረሰ ሰው መልሱን አያጣውም። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ቀልድም ይነሳል፤ ሟቹን የናቀ ግን የለም። በሱረቱ አን-ነጅምም ማሳቅም ማስለቀስም የአላህ ሥራ መሆኑ ተነግሯል። ነውሩ ያለው ጉድጓዱን ቆርጦ ጥሎ ጭፈራውን ብቻ ማሳየት ላይ ነው፤ ኩካ ደግሞ ይህን አላደረገም።

በ2025 የወጣው «ካርቱም» የተሰኘው ፊልምም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ቀረጻው ሳያልቅ በሚያዝያ 2023 በሱዳን ሌላ ጦርነት ፈነዳ፤ አንዲት ሻይ ሻጭን ጨምሮ አምስቱ ባለታሪኮች በተሰደዱበት አገር ሆነው ሕይወታቸውን በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ደግመው ተወኑት።