እምቢ ማለት የማይችል ሠራተኛ

የአንድ ከተማ የሥራ ገበያ ጤናማ ነው ወይስ ታሟል የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በቁጥር ተጀምሮ በቁጥር ያልቃል። ሥራ አጡ ከመቶ ስንት ነው? ካምና ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ለስንት ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ? ከቁጥሩ በፊት መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ግን አሉ። ሥራ ለሰው ልጅ ምኑ ነው? ማንኛውም ሥራ ከሥራ ፈትነት ይሻላል? እየሠሩ መጎዳት፣ ሳይሠሩም አለመወቀስ ይኖራል? እነዚህን ጥያቄዎች ሃይማኖትና ፍልስፍና ሲያነሡአቸው ኖረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እንደ የካ ክፍለ ከተማ ፊት ለፊት የሚያቀርባቸው ቦታ ጥቂት ነው። የካ በሰሜን በኩል በእንጦጦ ተራሮች ባሕር ዛፍ ይጀምርና ወደ ታች መገናኛ ድረስ ይወርዳል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ማገዶ ለቃሚ፣ የሾላ ገበያ ነጋዴ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጉልት ቸርቻሪ፣ የኮተቤ ተመራቂና የግንባታ የቀን ሠራተኛ ይኖራሉ። ሁሉንም በአንድ መቶኛ ጠቅልሎ «ጤናማ» ወይም «ሕመምተኛ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ከተራራው መጀመር ይሻላል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ በዙሪያው የነበረው ደን በፍጥነት አለቀ። የማገዶው እጥረት ብሶ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ከተማዋን ባለችበት አጸናት፤ ከእርሱም ጋር አንድ መተዳደሪያ መጣ፤ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ኑሮ። ከ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በኋላ ደኑ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ሲገባ ቅጠልና ጭራሮ የምትለቅመው ሴት በደን ጠባቂ የምትባረር፣ ሲከፋም ሸክሟን የምትነጠቅ ሆነች።

ሸክሙ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉና ቅጠሉ በርዝመቱ ተደርድሮ በገመድ ይጠፈራል፣ ከወገብ በላይ በጀርባ ላይ በአግድም ይጫናል፣ ገመዱም በትከሻና በደረት ላይ ይታሰራል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከሚደርሰው ከፍታ ቁልቁል ስትወርድ ወገቧ ታጥፎ ዓይኗ የሚያየው ከእግሯ ፊት ያለውን ድንጋይ ብቻ ነው። መኪና ሲመጣ ጭነቱ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚተርፍ መንገዱን ለመልቀቅ ሰውነቷን አዙራ በጎን መቆም አለባት። እንጨቱ ሲሸጥ የዕለቱ ቀለብ ይገዛል፤ በማግሥቱ እንደገና ዳገት ነው።

ይህች ሴት በመንግሥት ቆጠራ ውስጥ ምንድን ናት? ሥራ ያላት ሰው ናት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በአሁኑ ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ለዓመታት ባካሄደው የከተሞች የሥራ ስምሪት ጥናት ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አራት ሰዓት ምርታማ ሥራ የሠራን ሰው ሁሉ «ሥራ ያለው» ብሎ መዝግቧል። በዚህ መለኪያ በአገሪቱ ከተሞች ሥራ አጡ በ2010 ዓ.ም 19.1 ከመቶ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ 18.7 ከመቶ ነበር። እንጨት ተሸካሚዋ ከቀሪዎቹ ከሰማንያ በላይ ከሆኑት ወገን ናት። ስለዚህ የርሷ ኑሮ የገበያውን ጤና ከሚያሳዩት ቁጥሮች ላይ ይደመራል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከርረው በ2013 እ.ኤ.አ የተካሄደው 19ኛው የዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ያወጣው መለያ ነው። በዚያ መለያ መሠረት ለገቢ የተሠራ ሥራ ቅጥር ውስጥ ይገባል፤ ለራስ ቤት ፍጆታ የተሠራው «ሥራ» ቢባልም ቅጥር አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ጫካ እኩል ሸክም ይዘው ቢወርዱ፣ አንዷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ብትሸጠው ሌላዋ ደግሞ ምጣዷ ሥር ብታነድደው፣ የመጀመሪያዋ ሥራ አላት፣ ሁለተኛዋ የላትም። መለያው ለባለሙያ ምክንያት አለው፤ አገሮችን ለማወዳደር አንድ ዓይነት መስፈርት ያስፈልጋል። ድካሙ፣ የጀርባው ሕመም፣ በጠባቂ የመያዝ ፍርሃቱ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ቁጥሩ የሚያየው ገንዘቡ እጅ የቀየረበትን ቅጽበት ብቻ ነው።

በሌላው ጫፍ ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት የገባው፣ ቤተሰቡ የሚያበላው፣ የተማረበትን ሥራ የሚጠብቀው ወጣት ነው። ከኮተቤ ወይም ከየካ ዳር ሰፈሮች ተነሥቶ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት የከተማው መካከል ለመድረስ የታክሲ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ግሩም አበበ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱት ጥናት ይህንን ፈትሿል። ከከተማው መካከል ርቀው ለሚኖሩ ወጣቶች ለአንዳንዶቹ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌሎቹ ችሎታቸውን በማስረጃ የሚያሳዩበት ሥልጠና ተሰጠ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ገቢያቸው ጨምሮ የተገኘው ሥልጠናውን የወሰዱት ናቸው። ቀጣሪው ጥሩውን ሠራተኛ ከሌላው የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ያለ ዘመድ የመጣው ወጣት ሳይታይ ይቀራል ማለት ነው። ያም ሆኖ ይህ ወጣት አንድ ነገር አለው። ቢያንስ ለጊዜው መጠበቅ ይችላል። እንጨት ተሸካሚዋ አንድ ቀን ብትጠብቅ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። እንግዲህ የሥራ አጥነት መቶኛ የድህነትን ልክ ከማሳየት ይልቅ መጠበቅ የሚችለውን ሰው ብዛት ያሳያል ማለት ነው፤ በጣም ድሃ የሆነው ሰው ሥራ አጥ መሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ሃይማኖት ይገባል። በየካና በእንጦጦ የሚኖረው ሕዝብ ሥራን ከሚመዝንባቸው ምንጮች አንዱ እርሱ ነውና። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ ገመድ ይዞ ወደ ተራራ የሚወጣንና እንጨት በጀርባው አምጥቶ የሚሸጥን ሰው እጁን ለልመና ከሚዘረጋው ያስበልጣሉ። ሐዲሱ ለእንጦጦ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል፤ የተሸካሚዋን ክብር ከማንም ምጽዋት በላይ ያደርጋል። ንጽጽሩ ግን በሸክምና በልመና መካከል ነው። ሰውየውን ያከብራል እንጂ ከሁለቱ ሌላ ምርጫ ያልተወለትን ከተማ ነጻ አያወጣም። ሐዲሱን ጠቅሶ «ሥራ አላት፣ ምን ጎደላት» የሚል ሰው ለድሃው የተሰጠውን ክብር ለባለሥልጣን ምስክርነት አውሎታል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ምእመናን በላከው ሁለተኛ መልእክት ስለ ሥራ የሰጠው «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ከቦታው ወጥቶ ይጠቀሳል። ተግሣጹ ለመሥራት ፈቃድ ለሌለው ነው። ፈልጎ ላጣው አይደለም። ይህ ልዩነት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ባለቤቱ በማለዳ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፤ ሰዓቱ ኢትዮጵያውያን ዛሬም የሚቆጥሩት ሰዓት ነው። ማምሻ ላይ ቆመው ያገኛቸውን ለምን ሥራ ፈትታችሁ ዋላችሁ ብሎ ሲጠይቅ መልሳቸው የሚቀጥረን አጣን ነው። ባለቤቱ ስንፍና ነው ብሎ አይከራከራቸውም፤ መልሱን ተቀብሎ ያሰማራቸዋል፣ ሲመሽም ከማለዳ ገቦቹ እኩል የቀን ደመወዝ ይሰጣቸዋል። የማለዳዎቹ ማጉረምረም ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ሰዓት ቆጥሮ የሚከፍል ፍትሕም ፍትሕ ነው። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑም አይዘነጋም። ቢሆንም በመገናኛ ዙሪያ አካፋ ይዞ ቆሞ ፎርማን ሲመጣ የሚሻማው፣ ረፋድ ላይም ሳይጠራ የቀረው የቀን ሠራተኛ ያንኑ መልስ ዛሬም ይመልሳል፤ የርሱ ሆድ ደግሞ ከተጠራው ጓደኛው ሆድ ያነሰ አይደለም።

ሥራ ከገቢ ሌላም ነገር ይሰጣል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1975 እ.ኤ.አ ባሳተመው መጽሐፉ ሥራን በሦስት ገጽ አይቶታል፤ ገቢ ያስገኛል፣ ምርት ያስገኛል፣ ለሠሪውም ጠቃሚ ሰው ነኝ የሚል ዕውቅና ይሰጠዋል። ሦስተኛው ገጽ በኢትዮጵያ ታሪክ ከባድ ቁስል አለበት። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በእጅ ሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገርን ሀብት በሥራና በዕውቀት ላይ መሥርቶ አስተምሯል። የምኒልክ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ቤተሰቦች ልጃቸው ቢሮ እስኪገባ ዓመት ሙሉ መጠበቅን ከግንበኛ ረዳትነት ይመርጣሉ። ይህንን ወጣት ሰነፍ ማለት ይቀላል፤ ሰፈሩ የሚያከብረው ምን እንደሆነ ግን እርሱ በሚገባ ያውቃል።

እንግዲህ ትክክለኛው መለኪያ ምን ይሁን? እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ የሥራ ገበያን ጤና ከሠራተኛው እምቢ የማለት አቅም መመዘን ነው። ጎጂ ሥራን፣ ያነሰ ክፍያን፣ ስድብን ትቶ ሳይራብ ሌላ መፈለግ የሚችል ሰው በበዛበት ከተማ ገበያው ደህና ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚቀበል ሰው በበዛበት ከተማ የሥራ አጡ ቁጥር ዝቅ ቢልም ገበያው ታሟል። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አልነበረም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ወለል በሌለበት ደግሞ ሠራተኛውን የሚጠብቀው ያው እምቢታው ነው።

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በራሷ በአዲስ አበባ ተፈትኗል። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም አካባቢ በ11 ከተሞች ወደ 600 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ሲጀመር ተጠቃሚው በወር በተወሰኑ ቀናት ሰፈር ያጸዳ፣ ቦይ ይጠርግ፣ ችግኝ ይተክል፣ ይከፈለውም ነበር። በአዲስ አበባ ቀድመው የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ ስለተለዩ ተመራማሪዎች ውጤቱን ማነጻጸር ቻሉ። ፍራንክሊን፣ ኢምቤር፣ ግሩም አበበና ሜሂያ ማንቲያ በ2024 እ.ኤ.አ ያሳተሙት ጥናት ተጠቃሚዎቹ ለግል ቀጣሪ የሚያቀርቡትን ጉልበት እንደቀነሱ፣ ፕሮግራሙ በሁሉም ወረዳ ሲዳረስም የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 ከመቶ እንደሚጨምር አስልቷል። መጥረጊያ ይዛ በወረዳዋ መንገድ የምትሠራ እናት ለራሷ ካገኘችው ሌላ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ላልገባችው ጎረቤቷም ዋጋ ጨመረችላት። አሠሪዎች «ሠራተኛ ጠፋ» ይሉ ይሆናል፤ የጠፋው ግን በዚያ ዋጋ የሚሠራ ሰው ነው።

ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። እምቢ ማለት የሚቻለው ሌላ ሰው ሲሸከም ነው። ለሥራ ፈላጊው ልጅ እናቱ ጉልት ትቀመጣለች፣ እህቱ ዓረብ አገር ሆና ትልካለች። የአንዱ ነጻነት በሌላው ሸክም ከተገዛ ገበያው አልዳነም። ስለዚህ መመዘን ያለበት ከአንድ ግለሰብ ይልቅ የቤተሰቡ አቅም ነው፤ በዚህ ላይ ተቃውሞው ትክክል ነው። እምቢታ ስንፍናን ያበረታታል የሚለው ግን ማስረጃ ያንሰዋል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በ2018 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ፋብሪካ ከተቀጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። ሥራው ጤናቸውን ይጎዳ ነበር፤ ገቢውም ከውጭ ካለው እምብዛም አልበለጠም። የለቀቁት ሒሳብ ሠርተው ነው።

በእንጦጦ ላይ በቅርብ ዓመታት የሆነውም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባላቱን ከተራራው አውርዶ ወደ ሽመናና ጥልፍ አሰማርቷል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የአትክልተኛ፣ የጽዳትና የመስተንግዶ ሥራ አምጥቷል። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተከፈተው የለሚ እንጀራ ማዕከልም እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶችን ቀጥሯል። ወገብ ከማጉበጥ ወደ ምጣድ ዳር መምጣት እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ደስ ሊያሰኝም ይገባል። በዚያው ልክ መጠየቅ ያለበት ግን የተቀጠሩት ብዛት ብቻ አይደለም። ጫካው ከተዘጋ በኋላ ቅጥር ያላገኘችው ሴት ወዴት ሄደች? የተቀጠረችውስ አለቃዋ ቢበድላት ትታ የምትሄድበት ሌላ ቦታ አላት? በመንገድ ዳር ይቸረችር የነበረ ሰው ሱቁ በኮሪደር ልማት ሲነሣ በግንባታው የቀን ሥራ ቢያገኝ፣ ግንባታው ሲያልቅ ምን ይይዛል?

ወደ መቶኛው ስንመለስ፣ የካ ራሱ በ2013 ዓ.ም ከፊል ሰፈሮቹ ተቆርጠው ለአዲሱ ለለሚ ኩራ ተሰጥተዋል። በተቆረጡት ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ሥራም ገቢም ሳይለወጥ የክፍለ ከተማው መቶኛ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ክፍለ ከተማው የሥራ ገበያውን ጤና በእውነት ማወቅ ቢፈልግ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ሰዓት ሠሩ ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችን በየቤቱ ማስጠየቅ ይችላል፤ ይህንን ሥራ ዛሬ ቢተዉት ቤተሰቡ ስንት ቀን ይበላል፣ ባለፈው ዓመት ሊተዉት ፈልገው ያልቻሉት ሥራ ነበር ወይ የሚሉትን።