ብቻውን በባዕድ ከተማ የሚመላለስ ሰው ረብሑና ጉዳቱ

ምእመናን ሆይ፤ ሰው ከተወለደበት ሀገር የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱ ለመሳለም፥ አንዱም መከራ አሳድዶት ይወጣል። በዘመናችን ደግሞ ስንቁንና ልብሱን በጀርባው አዝሎ፥ ዘመድም ጓደኛም ሳያስከትል፥ የማያውቀውን ከተማ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው በዝቷል። የእኛም ልጆች እንዲሁ ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳሉ፤ የሩቅ ሰዎችም በአዲስ አበባ፥ እስከ ላፍቶና እስከ ጀሞ ድረስ፥ ሻንጣቸውን አዝለው ሲያልፉ እናያለን። ስለዚህ ብቻን መጓዝ ለነፍስ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል የሚለውን ጥያቄ በጥቂቱ ልንመረምር ወደድን።

አንዳንዶች ይህ ልማድ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሊቃውንቶቻችን ያለፉበት ጎዳና ነው። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። በወላጆቹ አጠገብ መማርን አይመርጥም፤ የእናት እጅ ያሞላቅቀዋልና፥ የዘመድ ሠርግና ልቅሶም ልቡን ይከፍልበታልና። በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን ውሻ ይጮኽበታል፤ አንዱ ደጅ ይዘጋበታል፥ ሌላው ደጅ ይመግበዋል። እኛም በዚሁ መንገድ ስላለፍን እንግድነት ራሱ መምህር መሆኑን እናውቃለን። የሚያስተምረውም አስቀድሞ ትሕትናን ነው፤ በአባቱ ቤት የእገሌ ልጅ እየተባለ ይከበር የነበረው፥ በሰው ደጅ ሲቆም ስሙም ዘሩም እንጀራ እንደማይሆኑት ይረዳልና።

ወደ ሩቅ ሀገር የሄዱትንም ብንመለከት ይህንኑ እናገኛለን። በግራኝ አሕመድ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ደርሰው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ዐረፉ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በመጽሐፉም ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ፥ ፊደል የለቀሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ እንደማይችሉ፥ እነርሱም የኅትመቱን ሥራ እንደማያውቁ፥ አንዱ ዕውር ሌላውን እንደሚረዳ ሆነው እንደ ሠሩት ገልጸዋል። ከዚያም መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1652 ዓ.ም. የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው ወደ ጀርመን ሀገር ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ። በዚያም ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ሊቅ ጋር በግዕዝ እየተነጋገሩ የሀገራችንን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. ያወጣው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ዓ.ም. ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ከዚህ ወዳጅነት የተገኙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ዐረፉ።

ከእነዚህ ሁለት አባቶች ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፥ በባዕድ ከተማ ያለ ሌላው ሰው እጅ የሚፈጸም ሥራ እንደሌለ ነው። ሁለተኛውም፥ የመንገድ ትርፍና የመንገድ መከራ በአንድ ሰው ሕይወት አብረው እንደሚገኙ ነው። ስለዚህ «ማንንም ሳልፈልግ ዓለምን ዞርሁ» የሚል መንገደኛ ሐሰትን ይናገራል። ኪሱ ሙሉ፥ ጤናውም ደኅና ሲሆን እንዲህ ይመስለዋል፤ ቦርሳውን ሌባ የወሰደበት ወይም በማደሪያው ንዳድ የያዘው ዕለት ግን ውኃ የሚያቀብለው ሰው ይሻል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፥ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ራሱን የሚለካበትን ካላገኘ ትዕቢት ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንግባ። በሀገራችን ከምንሠራው በጎ ሥራ ብዙው በይሉኝታ የታጠረ ነው። ጎረቤት ያየኛል፥ የንስሐ አባቴ ይሰማል፥ የአባቴ ስም ይነሣል ብለን እንጠነቀቃለን። ማንም በማያውቀን ከተማ ግን ይህ አጥር ይፈርሳል። ያን ጊዜ ምግባራችን የራሳችን ወይስ የጎረቤታችን እንደ ነበረ ይታወቃል። ዮሴፍ በግብፅ ሲፈተን አባቱ ያዕቆብ አያየውም ነበር፤ ነገር ግን ንጽሕናውን ጠበቀ (ዘፍ. 39)። የጠፋው ልጅ ደግሞ ከአባቱ ዓይን ሲርቅ ገንዘቡን በተነ (ሉቃ. 15)። ሁለቱም ወደ ሩቅ ሀገር ሄደዋልና ልዩነቱ ከሀገሩ አይደለም፤ ከኅሊናቸው ነው።

«እንግዲያውስ ሰው ወደ ፈተና ወድዶ ለምን ይገባል? በሀገሩ አይቀመጥምን?» የሚለን ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ አጥሩን ጥሎ ለመሸሸግ የሚሄድና ዕውቀት ለመሻት የሚሄድ አንድ አይደሉም። በአባቱ ፊት የማያደርገውን ለማድረግ የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ወድቋል። ለመማር የሚወጣ ግን ቢሰናከልም ይነሣል። ደግሞስ በሀገር መቀመጥ ብቻ ያድናልን? በጀሞ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ስም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። እንግድነት ቤታችን ድረስ መጥቷልና መንገደኛውን ብቻ ልንወቅስ አይገባንም።

የዚህ የነፋስ ስልክ ሰፈር ስም ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚሄደው ስልክ የመጣ መሆኑ ሲነገር ቆይቷል። ዛሬ ያንን ስልክ እያንዳንዱ መንገደኛ በኪሱ ይዞታል። ይህም ትልቅ በጎነት ነው፤ እናት የልጅዋን ድምፅ ከሩቅ ትሰማለችና። ነገር ግን ከባድ አደጋ አለበት። ልጁ በባዕድ ከተማ ተርቦ ያደረባትን ሌሊት ይደብቃል፤ በውብ አደባባይ የቆመበትን ሥዕል ግን ይልካል። ይህን ያየ ታናሽ ወንድሙ መሬት ሸጦ፥ ተበድሮ ይከተለዋል። መከራውን ሸሽጎ ደስታውን ብቻ የሚያሳይ ሰው ሳያስበው ወንድሙን ወደ ወጥመድ ይጠራል። ወላጆችም የላከውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያድር ሊጠይቁት ይገባል፤ እውነቱንም ሲነግር ሊያሳፍሩት አይገባም። የሚያፍሩበት እንደ ሆኑ ካወቀ ዳግመኛ እውነት አይነግራቸውምና።

እንግዲህ ለሚሄደው የምንመክረው ጥቂት ነው። በደረሰበት ከተማ ሳይመሽ ቤተ ክርስቲያንን ወይም የሀገሩን ሰው ይፈልግ፤ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ለራሱ ያብጅ። የሀገሩን ቋንቋ ሰላምታና ምስጋና አስቀድሞ ይማር፤ ምስጋና የማያውቅ እንግዳ ሁለተኛ አይጋበዝምና። ከሁሉም በላይ ግን በብቸኝነቱ ሰዓት ጸሎቱን አይተው።

ለምንቀበለውም ለእኛ ትእዛዙ ከዚህ የጠና ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ያላወቃቸውን እንግዶች ሮጦ ተቀበለ (ዘፍ. 18)። በሀገራችንም የመሸበት መንገደኛ በደጅ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ግን በገበያችን የመንገደኛውን መልክ አይቶ ዋጋ የሚያጥፍ ነጋዴ፥ መንገድ ሲጠየቅም ዋጋ የሚጠይቅ ጎልማሳ አለ። የእኛ ልጅ በሩቅ ከተማ እንዲህ ቢደረግበት እናዝናለን። እንግዲያውስ የሌላው እናት ልጅ በመካኒሳ ወይም በጎፋ መንገድ ጠፍቶት ሲቆም፥ የቆመው የእኛው ልጅ እንደ ሆነ አድርገን እንየው። በዚያ ማን እንደሚቀበልልን አናውቅም፤ በዚህ ግን የምንቀበለው እኛው ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።