«እናቲቱ ወይስ ሕፃኑ?»
ስለ አስቸጋሪ እርግዝናና ያለ ጊዜው ስለሚወለድ ሕፃን

አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል በአገራችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። መውለድ ከሞት አፋፍ መመለስም እንደ ሆነ እናቶቻችንና አባቶቻችን ያውቁ ስለ ነበር፣ ለወላድ የሚሰጡት የመጀመሪያ ቃል የምሕረት ቃል ሆነ። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለነፍሰ ጡር የሚለምነው ይህንኑ ምሕረት ነው። ነገር ግን ምሕረትን የሚለምን ሰው ምሕረቱ የሚመጣበትን መንገድ ደግሞ ሊጠርግ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ግዴታ ነው።

እርግዝና ሲከብድ ከቤተ ዘመድ አፍ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከሁለቱ ማን ይትረፍ? እናቲቱ ወይስ ሕፃኑ?» ጥያቄው ለካቴኪስቶቻችንም ይቀርባል። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ጥያቄው ራሱ በትክክል የቀረበ መሆኑን ማየት አለብን።

በእርግዝና ምክንያት የሚመጣውን የደም ግፊት በምሳሌነት እንውሰድ። ይህ ሕመም ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ ይነሣል፤ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከሆድ በላይኛው ክፍል የሚሰማ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። ችላ ከተባለ እናቲቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሊገድላትም ይችላል። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዋናው ፈውስ መውለድ ነው። ሐኪሞች እስከዚያው ግፊቱን በመድኃኒት ያወርዳሉ፤ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዝየም ሰልፌት ይሰጧታል፤ የመውለጃዋ ጊዜ ገና ከሆነም የሕፃኑን ሳንባ የሚያበረታ መርፌ ለእናቲቱ ይወጉላታል። እንግዲህ በጊዜ ወደ ሆስፒታል በደረሰች እናት ላይ የሚደረገው ሕክምና አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ሳይሆን ሁለቱንም በአንድነት መርዳት ነው። «ማን ይትረፍ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከመዘግየት ነው።

ጥያቄው በእውነት በሚነሣበት ጊዜስ? የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአንዱ ሕይወት ለሌላው መሣሪያ እንዲሆን አይፈቅድም። ሕፃኑን በቀጥታ መግደል የእናቲቱ መድኃኒት ሊሆን አይችልም፤ ለሕፃኑ ሲባልም እናቲቱን ያለ ሕክምና መተው አይገባም። ሕፃኑ በውጭ መኖር በሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ፣ በከባድ ምክንያት ምጥን ማፋጠን ወይም በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሕይወትን ማዳን ነው፤ ሕፃኑ የሚወጣው ሊጣል ሳይሆን በእጅ ሊቀበሉት ነውና። ሕመሙ ከዚያ ዕድሜ አስቀድሞ ሲጸና ጥያቄው እጅግ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ካቴኪስት በችኰላ ፍርድ አይስጥ፤ ቤተሰቡን ከሐኪሙና ከካህኑ ጋር ያገናኝ። በማናቸውም ሁኔታ ግን አንድ ነገር አይዘንጋ፤ ባልና ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ሲመክሩ በአልጋው ላይ ያለችው እርሷ ናት። ልትጠየቅ፣ ሊነገራትና ልትሰማ ይገባታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን ይመለከታል። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን መጠበቅ፣ መተንፈስና መጥባት ይቸግረዋል፤ ለተላላፊ በሽታም ይጋለጣል። «ይህ መቼ ሰው ይሆናል?» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። ሰውነቱ ግን በሚዛን የሚለካ አይደለም። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነውም አራት ኪሎ የሚመዝነውም በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ነው።

እስከ ምን ድረስ እንርዳው? ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ሕይወቱን በተለመደው መንገድ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ከዚያ ያለፈ እጅግ ከባድ መንገድ ግን እንደማያስገድደው አስተምረዋል። ከተስፋው ይልቅ ሥቃዩ የሚበዛበትን መሣሪያ ከሐኪም ጋር መክረው የሚተዉ ወላጆች ልጃቸውን ገደሉ አይባልም። ሙቀት፣ የእናት ወተት፣ ንጽሕናና እቅፍ ግን ከማንም ሕፃን አይነፈጉም።

ደግሞም ይህ የተለመደው መንገድ ከምንገምተው በላይ ኃይል አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ መሣሪያ በጠበበበት ሆስፒታል፣ ሐኪሞች ሕፃናቱን ከእናቶቻቸው ደረት ጋር ገላ ለገላ አያይዘው ማቀፍ ጀመሩ። ይህም የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ በዚህ መንገድ ቀድመው የታቀፉ ሕፃናት በተለመደው አያያዝ ከነበሩት ያነሰ ሞት እንደ ደረሰባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ የተደረገ ትልቅ ጥናት ደግሞ ዕቅፉ ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው ሲሆን በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ገለጠ። እናት ስትደክም አባትና አያትም ሊያቅፉ ይችላሉ። የአባት ደረት ለዚህ ሥራ አያንስም።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል በኀዘን ጊዜ ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ከኀዘኑ በፊት ሲነገር ግን የስንፍና መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች እናቶችን የሚገድሉ መዘግየቶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፦ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሦስቱም በሰው እጅ ያሉ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። በዚያው ዓመት ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተገልጿል።

ያዕቆብ የሚወዳት ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጸንቶባት ሞተች፤ ሕፃኑ ብንያም ተረፈ። አዋላጅ አብራት ነበረች፤ ሊደርሱበት ካሰቡት ቦታ ግን ገና አልደረሱም ነበር። ከሀብሩ ቆላ በቃሬዛ ተነሥታ መርሳ ለመድረስ፣ ከመርሳም ወደ ወልድያ ሆስፒታል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ የምትገደድ እናት ታሪኳ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ በነበረችበት ወቅት፣ ሆስፒታሉ ተዘርፎና ተጎድቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ምጥ የያዛት ሴት መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ አትችልም። እንግዲህ የሕክምና ቤትን መዝረፍና የወላድን መንገድ መዝጋት በዓለማዊ ፖለቲካ ስም የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ በሰው ሕይወት ላይ የሚፈጸም ኃጢአት ነው። ድህነትና ጦርነት የተለመደውን መንገድ የማይደረስበት ሲያደርጉት፣ ዕዳው የድሃዋ እናት ሳይሆን የሁላችን ነው።

ምን እናድርግ? በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በካቶሊካውያን ደናግል እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሠረተ፤ በ1976 ደግሞ አደጋ የሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው የሚቆዩበትን ቤት አዘጋጀ። ዛሬ እንዲህ ያለ የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ለገንፎ የሚሆን እህል፣ ማገዶ፣ ጋቢ መስጠት፣ ቤት የቀሩትን ልጆች መጠበቅ የምእመናን ድርሻ ነው። ለሞተ የሚያዋጡት እድርና ቅሬ ለምትወልድ እናት የመጓጓዣ ገንዘብ ቢያስቀምጡ ምን ይከለክላቸዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና።

ሁሉም ተደርጎ ሕፃኑ ቢሞትስ? ካቴኪስቶች ምእመናንን አስቀድመው ያስተምሩ፤ ሕፃኑ በሞት አደጋ ላይ ከሆነና ካህን ካልተገኘ፣ ማንኛውም ምእመን ውኃ እያፈሰሰ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሊያጠምቀው ይችላል። ሳይጠመቅ የሞተውንም ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ምሕረት በአደራ ትሰጣለች። እናቲቱን «ምን በድለሽ ነው?» የሚል ሰው አይኑር። «ገና ሕፃን ነው፤ ሌላ ትወልጃለሽ» ብሎ ኀዘኗን የሚያቃልልም አይኑር። ለጥቂት ሰዓታት የኖረ ልጅም ልጅ ነው፤ ስም ይሰጠው፤ በክብር ይቀበር፤ እናቱም እንደ ማንኛዋም ኀዘንተኛ ትጎብኝ። ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ሳይሆን ሁለቱንም እንድንወድ ታዘናል፤ ይህም ፍቅር የሚጀምረው ነፍሰ ጡሯ የመጀመሪያውን ራስ ምታት በተናገረች ዕለት «ተነሺ፣ እንሂድ» በማለት ነው።