የሚጣለውን ማን ይወስናል?

አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ እናስብ። በምድጃው፣ በሞተሩና በቧንቧው ላይ 1,000 መለኪያዎች ተተክለዋል እንበል፤ እያንዳንዱ ሙቀት ወይም ግፊት ወይም ንዝረት እየለካ በየሴኮንዱ ለኮምፒዩተር ያቀብላል። አንዱ መለኪያ በቀን 86,400 ቁጥር፣ ሁሉም በአንድነት 86.4 ሚሊዮን ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን ለዓመታት ማስቀመጥ ቦታም ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ መሐንዲሶች የመጭመቂያ ዘዴ አበጁ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው «ተወዛዋዥ በር» የተባለው ዘዴ፣ ቁጥሮቹ በቀጥተኛ መስመር እስከተጓዙ ድረስ የመስመሩን መነሻና መድረሻ ብቻ ይይዛል፤ ከተፈቀደው ልዩነት ያልዘለለውን የመካከሉን ሁሉ ይጥላል።

ነገሩ ብልኅነት ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊም የንጉሡን እያንዳንዱን ማለዳ አልጻፈም።

ግን «የተፈቀደው ልዩነት» ስንት ነው? ማንስ ፈቀደው? የሚወስነው ሰው ነው፤ ያውም ነገሩ ከመድረሱ በፊት። 2 ዲግሪ ከተባለ፣ ከዚያ የማይበልጥ መዋዠቅ ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሊሰበር የተቃረበ ኩሽኔታ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጉረመርመው በዝግታ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ቢሉም፣ ቅጠሉ የሚነሣው ፍንጣሪዋ ስትታይ ነው።

ከመጭመቅ ሳይሆን ከማጣራት የተገኘ አንድ ታሪክ ነገሩን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆ ፋርማንና ሁለት እንግሊዛውያን ባልደረቦቹ፣ በአንታርክቲካ ምድር ላይ በተወሰደ ልኬት ተመርኩዘው፣ የኦዞን ሽፋን በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ አስታወቁ። ኒምበስ 7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይትም ከ1978 ጀምሮ ያንኑ ስትለካ ነበር። ሆኖም መረጃዋን የሚያጣራው ፕሮግራም ከ180 ዶብሰን በታች የሆነውን ቁጥር «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ያደርግበት ነበር፤ ያን ያህል ይወርዳል ተብሎ አልተገመተምና። ደግነቱ ቁጥሮቹ ተለዩ እንጂ አልተደመሰሱም። ተመልሰው ሲመረመሩ ጉድጓዱ ቁልጭ ብሎ ታየ።

በፋብሪካው መዝገብ ግን የተጣለው አይመለስም። አደጋ ደርሶ ሠራተኛ ቢጎዳ፣ መርማሪው የሚያገኘው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ማሽኑ በእርግጥ ጸጥ ብሎ ነበር? ወይስ እኛ ነን ዝም ያሰኘነው? ከመስመሩ ይህን ማወቅ አይቻልም።

መጣል በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁሉን ልያዝ ማለትም አያዋጣም። የሚጥል ሰው ግን በምን ሚዛን መዝኖ እንደጣለ፣ ሚዛኑንም ማን እንዳጸደቀው ከመዝገቡ ጎን ጽፎ የማኖር ዕዳ አለበት። ይህች ማስታወሻ የምትወስደው ቦታ ከአንድ መስመር አይበልጥም።