«ምን ይሰማዎታል?» ሲባሉ ማን ይመልሳል?



አንድ ጊዜ አያቴን ከሐራ ወልድያ ለሕክምና ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ «እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?» አላት። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ደም ግፊት አለባት፣ እግሯ ያብጣል፣ መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች» ብዬ ጨረስኩት። እሷ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። የታመመችው እሷ፣ የምናገረው እኔ!

ጉዱ የወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። እህቴ ፍራሿን ስታነሳ ክኒኖቹን በጨርቅ ተቋጥረው አገኘቻቸው። እኛ «እርጅና ነው፣ እየረሳች ነው» አልን። ቀስ ብለን ስንጠይቃት ግን አንዱንም አልረሳችም። ክኒኑ ሽንት ያበዛባታል። መጸዳጃው ግቢው ዳር ነው፤ ሌሊት በጨለማ እንዳትወድቅ ትፈራለች። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ «ሰላት ላይ ያመልጠኛል ልጄ። ያለ ዉዱእ አላህ ፊት ልቁም?» አለችኝ።

ወላሂ አፈርኩ! ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚሰግድ መድረሳ ውስጥ ለልጆች አስተምራለሁ። የሰላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ ንጹህ ጨርቅ ያደርጋል፣ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል። በመሃል ቢያመልጠውም ሰላቱ አይበላሽም። ይህንን ኪታብ የቀራሁ ሰው እቤቴ ያለችውን አሮጊት አልጠየቅኩም። ሐኪሙም ሲነገረው ክኒኑን ጠዋት ጠዋት እንድትወስደው አደረገላት። አለቀ። (እናንተ ግን ሐኪም ሳታማክሩ የመድኃኒት ሰዓት እንዳትቀይሩ።)

በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ አላህ ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሆነው ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎ፣ የተከበረ ንግግር እንድንናገራቸው አዟል። ብዙዎቻችን ድምፃችንን ካልጨመርን ትእዛዙን የፈጸምን ይመስለናል። አጠገባቸው ተቀምጠን፣ እንደሌሉ ቆጥረን ስለ እነሱ ስንወስንስ? እኔ በዚያች ቀን «ኡፍ» አላልኩም። ግን የተከበረ ንግግርም አልነበረም።

መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ አቡበክር (ረ.ዐ) አባታቸውን አቡ ቁሐፋን ይዘው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ዐይናቸው የጠፋ፣ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) «ሽማግሌውን ለምን እቤታቸው አልተውካቸውም? እኔ ራሴ እመጣላቸው ነበር» የሚል ቃል ተናገሩ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ደረታቸውን ዳበሷቸው። ልብ በሉ፣ ከተማዋ በእጃቸው የገባች ቀን ነው። ስንት ጉዳይ እየጠበቃቸው የአንድ ሽማግሌ ድካም ታያቸው።

አሁን ስለ አስታማሚዋ እንነጋገር። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ልጅ ወይም ምራት። በእኛ አካባቢ አንዱ ሳዑዲ ነው፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። ከሪያድ በኢሞ እየደወለ «እንዲህ አድርጉላት» ብሎ የሚያዝ አለ፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሳው ግን አንዷ ናት። «ቂርኣት አመለጠኝ፣ ደዕዋ ላይ የለሁም» ብላ ትተክዛለች።

እህቴ ሆይ፣ በበድር ቀን ዑስማን (ረ.ዐ) ዘማቾቹ ውስጥ አልነበሩም። ባለቤታቸው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ ታማ ስለነበር እንዲያስታምሟት መዲና ቀሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በድር ላይ እንደተገኘ ሰው አጅርም ድርሻም እንዳላቸው ነገሯቸው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ደግሞ ኢብኑ ዑመር፣ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ በጁሙዓ ቀን መታመማቸውን ሲሰሙ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ወደ እሳቸው ሄዱ፤ ጁሙዓውንም ተዉት። ዑለሞቻችንም፣ በሽተኛው ሌላ የሚተካለት ከሌለ አስታማሚው ከጁሙዓ ዑዝር እንዳለው ይናገራሉ። ይህ ለሰነፍ ሰበብ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሦስት ወንድም ካለ ተራ መግባት ነው እንጂ!

ከውጭ ያላችሁም የጤና መድህን መታወቂያቸው መታደሱን ጠይቁ፤ መዋጮውን እናንተ ክፈሉት። ይህ የማህበረሰብ መድህን በ2003 ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ ከመንገዱ በፊት ሽማግሌውን ለብቻቸው ጠይቋቸው፦ የትኛው መድኃኒት አስቸገረዎት? ሐኪሙ ምን እንዲያውቅልዎት ይፈልጋሉ? እዚያ ስትደርሱ እሳቸው ይናገሩ፤ የረሱትን ብቻ ጨምሩ። ዛሬ ማታ ደግሞ እህታችሁ ትተኛ፣ አንዳችሁ እደሩ።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፣ አስታማሚዎቻችንን ያበርታልን። አሚን።